የልየው ኮሮላ

ሽምብጥ ከጋራዤ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ለሦስተኛ ጊዜ መጣች ያች ኮሮላ፤
እኔ ሳልወለድ ነው ከጃፓን የወጣች፣
ሰማያዊው ሲላጥ ነጭ፣ ነጩ ሲላጥ ዝገት ያመጣች።

«ድልድዩን ሳልፈው ቀዩ ባትሪ በራ፣
ፍሬቻው ዝም አለ፣ ጥሩምባውም ፈራ፣
ሬዲዮው ዜናውን መሀል ላይ ቆረጠ፣
የቤንዚኑ ቀስት ዜሮ ላይ ተቀመጠ፤
አንተ ዘንድ ስደርስ ግን ሁሉም ጤና አገኘ፣
ውሸታሙ እኔ ነኝ፣ ፊትህ የተገኘ።»

ስሙ ጋሽ ልየው ነው። እኔም «ልየው» አልሁት፣
ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ሰደድሁበት።
ባትሪውን ለካሁት፤ አሥራ ሁለት ከግማሽ።
ዲናሞው ይሞላል፣ ቺንጋው አይደል ብላሽ።
ፊውዙን አንድ ባንድ እንደ ጥርስ ነቀልሁ፣
በፀሐይ አየሁት፣ መልሼ ተከልሁ።
ምንም።

ከዚህ ሥራ ሁሉ የምጠላው ይህን፦
የተቃጠለ አምፖል አይደብቅም ሞቱን፣
የተበጠሰ ገመድ ጫፉ ይመሰክራል፤
ይኼኛው ግን አለሁ፣ የለሁም ይለኛል፣
ሰው ሲያይ ይሠራል፣ ዞር ስል ይለግማል።
መጀመሪያ ሲመጣ ሪሌይ ቀየርሁለት፣
ሁለተኛው ጊዜ አዲስ ባትሪ ሸጥሁለት።
(የድሮው አልታመመም ነበር።
ዛሬ ልንገረው እያልሁ ዋልሁበት።)

«በል እንሂድ አብረን። አንተ ንዳ፣ ጋሼ፣
እኔ ልስማት» አልሁት፣ ካቻቢቴ ይዤ።
ዘንባባውን አልፈን፣ ከባጃጅ ተጋፍተን፣
ዓባይን ተሻገርን፣ ድፍርሱን ተመልክተን።
ሐምሌ ነው። መስታወቱ በትንፋሻችን ላበ።
ቀዩ መብራት ጨለማ።
ጥሩምባውን ነካው፤ ጮኸ፣ አህያ ደነበረ።

ዘንዘልማ ሳንደርስ፣ ከባሕር ዛፉ ዘንድ፣
ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ሳልጠይቀው፣ በልማድ፤
ጎማው ካስፋልቱ ጠርዝ ዘጭ ብሎ ወረደ፣
ቀዩ ባትሪ በራ፣ ሬዲዮው ነጎደ፣
የቤንዚኑ ቀስት ወደ ባዶ ሄደ።

«ለምን እዚህ ወረድህ?»
መልስ አልሰጠኝም። በግራው መስኮት ያያል፤
የብሎኬት አጥር፣ አረንጓዴ የብረት በር፣ የአሸዋ ክምር።
«እዚች ጋ ሁልጊዜ ቀስ እላለሁ» አለ፣
«ያ አጥር ያለበት በቆሎ ነበረ።
ሦስት ቃዳ ማሳ።
ይችን ገዛሁባት፣ በሰጡኝ ካሳ።»

ሞተሩን ሳናጠፋ በካፊያው ወረድሁ፣
ገመዱን በሙሉ ባውራ ጣቴ ዳሰስሁ።
ከባትሪው ተነሥቶ ጥቁሩ ገመድ፣
ከቦዲው በሚታሠርበት ቡሎን ዘንድ፣
የሐይቁ እርጥበት ገብቶ፣ ዝገቱ ነጭ አመድ፤
ላየው የታሠረ፣ ለነካው የላላ።
ስጫነው ይበራል፣ ስለቀው ይጠፋል፣
ስጫነው ይበራል።

«ምን አገኘህ?» አለኝ።
በሙያችን ስሙን ጣልያን ትቶት ሄዷል፣
ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠርቼዋለሁ፣
አንድም ቀን ከብዶኝ አያውቅም።
ሌላ ስም ፈለግሁ። የምድር ገመድ ልለው ነበር፣
እሱም ያው ሆነብኝ።
«ማሳው ነው» አልሁት። «ማሳው ለቋል፣ ጋሽ ልየው።»

መጥረጊያው መስታወቱን አንዴ ሄዶ መጣ።
«እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ፣
«አንተ ነህ የዘገየኸው።»

ቡሎኑን ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት
ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት፣
ግራሶ ቀባሁት፣ በአሥር ቁልፍ ጠበቅ አረግሁት።
የባትሪውንም ነገር ያን ጊዜ ነገርሁት፤
ብሩን ስመልስለት ግማሹን ተወልኝ፣
«የመጣህበት ነው» ብሎ።

ከሳምንት በኋላ፣ ሲመሽ፣ ስልኬ ጠራ።
ከበስተኋላው ሬዲዮ ይሰማል፣ ሳይቆረጥ፣
የእርሻ ዋጋ ዜና።
«እዚያው ቆሜያለሁ» አለኝ፣ «ካስፋልቱ ወርጄ።»
«እሺ፣ ጋሼ?»
ዝም አለ፣
ዕቃ እንደጠፋው ሰው።
«አልበራም።»