ትርፍ መስመር

ሐይቁ ረግቶ አድሯል ሽሉቴ ከተማ፣
ጀልባ የለ፣ ዝይ የለ፣ ኮሽታ አይሰማ።
እኔ ከፈረቃ መልስ፣ ካልሲ ላይ ካልሲ ደርቤ፣
የባለ ፈቃዶቹን ስም ከፊቴ አቅርቤ
እቆጥራለሁ።
ማን ይጽፋል? ማን ከደጅ ቆሞ ያያል?
ማን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሳይመጣ ይቆያል?

ፕሮግራሙ የወፍ ነው። ደመወዝ የለውም፣
ለሠራበት ሰው ምስጋናም አይደርሰውም።
ባሕር ማዶ ከርሞ የሚመለስ ክንፍ፣
እግሩ ላይ ቀለበት፣ ቁጥር በላዩ ሲጻፍ፣
የት ታየ? መቼ ታየ? እኛ ነን የምንመዘግብ፦
ነርስ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንድ ጡረተኛ መርከብ
ጠጋኝ።
እኔ ደግሞ የማታ ፋርማሲስት ነኝ።

ጠጋኙ ጊንታውታስ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት
በሱ እጅ ሳታልፍ አልገባችም አንዲት ቃል ወደ ቤት።
ሩጊሌ ሁለት ዓመት ከደጅ ሆና ጻፈች፣
ቅርንጫፍ እያበጀች “ተቀበሉኝ” አለች።
“ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል።” “ስሙ ግልጽ አይደለም።”
“ይህን ለምን ጻፍሽው?” ክፋት እንኳ የለም፣
ያልተገላበጠ ያራል የሚል ሰው ነው።
እሷ ግን አንድ ማታ “ስንት ጊዜ ላገላብጠው?”
ብላ ጻፈችልኝ።

በኅዳር ተማከርን። አራት ሰው ሸንጎ አይባልም፣
“ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታ ከዚህ በላይ አይሆንም”
አልን። ጊንታውታስ ዝም አለ።
ዝምታውን እሺ ብለን ተረጎምነው፤
ቁልፍ ተጭኜ ቁልፍ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ያን ዕለት፣ ሐሙስ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቤት ማጽዳት ጀመረች።
ካሮጌው ክፍል ውስጥ አንድ መስመር አየች፣
ትርፍ የሚመስል፣ ለማንም የማይበጅ፣
ዳይኑስ የሚባል ሰው የጣፈው በእጅ።
(ዳይኑስ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመት አለፈ፤
ስሙ ከነቁልፉ ዝርዝር ላይ ተረፈ።)
ሰረዘችው።
ማንንም ሳትጠይቅ። ከዋናው ግንድ ላይ። በቀጥታ።
ኮዱ ጠዳ። ሠራ። ሰላም ነበር ማታ።

ጠዋት ስንነሣ ዘጠና አራት ዝይ
የለም።
ከሐይቁ አይደለም፤ ከመዝገቡ፣ ከኮምፒዩተሩ ሰማይ።

ያ መስመር ለካስ አንዲት ቀን ብቻ ነው የሚጠብቀው፣
እንደ ጳጉሜን ስድስት በአራት ዓመት ብቅ የምትለው፦
ፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ።
በዚያች ቀን ቀለበት ያጠለቀች ዝይ
ቀኗን አታገኘውም ሌላ ዓመት ብትታይ።
ዳይኑስ ለነሱ ሲል በማርች አንድ ጓዳ
ያሳድራቸው ነበር፣ ቀን እንዳጣ እንግዳ፤
ለምን እንደሆነ ግን አንድ ቃል አልጻፈም።
ጊንታውታስም ያኔ ሲያሳልፈው “ለምን?” አላለም።

እኔ ነድጄ ነበር። ጣቴ ስሟ ላይ ደረሰ።
“ፈቃዷን ላንሣ?” ብዬ ጻፍኩ። እሱም መለሰ፣
አምሽቶ፣ ቅባት በነካው ጣቱ፦
“እኔ በጀመርኩበት ወር ያንድ ዓመት ወፍ ጠፋ፣ ከነቀለበቱ።
ማንም አልነጠቀኝም፤ ነጣቂ አልነበረም እንጂ።
አትንካት። ገና አሁን ነው ቁልፉን ያወቀው የልጅቷ እጅ።”

መለሰችው መስመሩን። ከራሱ በላይ አንድ ዐረፍተ ነገር፦
“ይህ ትርፍ ይመስላል፣ አይደለም
ዘጠና አራት ዝይ እዚህ ያድራል።”
ቁልፉ በእጇ ሳለ በደጅ በኩል ላከችው፣
በቅርንጫፍ፣ ጊንታውታስ እንዲያየው።
ሌሊቱን አነበበው። ጠዋት መልሱ ደረሰ፦
“ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል።”

ዛሬ ማታ ዝርዝሩ ፊቴ ነው። ዳይኑስ ላይ ቆሜያለሁ።
ዓመት ያልጻፈ ይነሣ የሚለውን ደንብ ራሴ ጽፌያለሁ።
ስንት ጊዜ ዘለልኩት፣ የሞተ ሰው ስም ይመስል፤
አሁን አነሣሁት። ማስታወቂያው በራሱ ሄደ፣ “ፈቃድዎ አብቅቷል” የሚል።
ሻይ ልጥድ ብድግ አልኩ።
ደቂቃም አልሞላ፣
ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ
አንዲት መስመር መጣች፦
“ዝዮቹ ደህና ናቸው?”