ስም የለሹን ሰርዝ

ክላክስቪክ ላይ ዝናብ ነው፤ ትናንትም ነበረ፤
የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ፣ ሣሩ እንደ ሰከረ
ወደ ወደቡ ዘሟል።
እኔ ራንቫ ከማሞቂያው ሥር ጀልባ እቆጥራለሁ፤
የወጡትን ሳይሆን ያልተመለሱትን እጽፋለሁ።

ጸሐፊዎች በላባ የሞነጫጨሩት ሁሉ
ዛሬ ነጥብና መስመር ነው አሉ።
ነጥቡ ሰው ነው፤ ነጥቡ ጀልባ፤
መስመሩ በሁለቱ መሐል የሚገባ፦
ኤይዱን፣ ተሳፈረ፣ ሱላ።
ባለቤት፣ ማሰሪያ፣ ተሳቢ፤ የለም ሌላ።
ማሰሪያው መሐል ነው፤ እንደ ገመድ፤
ሰውየውን ይዞ ከጀልባው ጋር የሚወርድ።

ቋቱ ግን ሥዕል አይበላም፤
«ይህን አስገባ፣ ያንን ሰርዝ» ካላሉት አይሰማም።
ለዚህ ነው ያቺን ላይብረሪ ያወረድኳት፤
በርገን ያለ ቶርላይፍ የሚሉት ሰው በነጻ የለቀቃት።
በአንድ እጇ ሥዕል ትቀበላለች፣
በሌላው ትእዛዝ ትሰጣለች፤
«ተሳፈረ»ንም «ሰጠመ»ንም
ሳይሞቃት ሳይበርዳት፣ ነጥቧን ሳትስት።

ሁለት ሺህ አንድ መቶ ትእዛዝ፤ ሻዬ ሳይበርድ።
አለቃዬ ሳካሪስ በበሩ አንገቱን አስግጎ
«ስም የሌላቸውን ጥረጊልኝ» አለ፤ «ዘገባው ይዝረከረካል።»

ስም የሌለው አንድ ነው።
«የወጥ ቤት ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት» ይላል መዝገቡ፣
ከዚያ ወረቀቱ ነጭ ነው።
ቀለሙ አልቆ ይሁን፣ ወይ ስሙን የሚያውቅ አብሮት ሰጥሞ፣
አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ክፍት ቀርቷል።

ሰርዝ ብዬ ጻፍኩ። ላይብረሪዋ እንቢ አለች።
በቀይ፦ «ስም የሌለው ነጥብ በስረዛ ትእዛዝ ውስጥ አይገባም።»
ለካ ለማጥፋትም ስም ያስፈልጋል።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
ይህ ስምም መቃብርም የለው፤ ምኑ ከምን በላይ ይውላል?

የባሰው ደግሞ፣
ጠዋት የማስገቢያውን ትእዛዝ ሁለቴ አስኪጄ ኖሮ
ኤይዱን ያው አንድ ኤይዱን ነው፤ ስሙ ይዞታል አስሮ፤
ልጁ ግን ሁለት ሆኗል።
ስም የሌለው በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ይወለዳል፤
እንደ አዲስ ይሳፈራል፤ ሁለቴ ይሰምጣል።

ሌላ መንገድ አለ፤ ቶርላይፍ በግርጌ አስፍሮታል፦
ስሙን ካላወቅህ መልኩን ግለጽ፤ ቋቱ ፈልጎ ያገኘዋል።
«ካለበት» ብዬ ጀመርኩ፦
ሱላ ላይ የተሳፈረ፣
ዕድሜው አሥራ አራት የነበረ፣
ከኤይዱን ጋር አንድ አልጋ በፈረቃ የተኛ፣
ደመወዙ የሰው ግማሽ፣
ቦት ጫማው በዱቤ
(ቦት ጫማውን ማን መዘገበ?
ባለሱቁ ነዋ። ዕዳ አይሰምጥም።)

ላጠፋው በጻፍኩ ቁጥር ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበ።
አምስተኛው መስመር ላይ የጫማው ቁጥር ሠላሳ ስምንት መሆኑን አወቅሁ፤
የእኔም ሠላሳ ስምንት ነው።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ፤
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።

አልሰረዝኩትም። አድራሻ ሰጠሁት፤ ረጅም ቁጥር።
ቁጥር ስም አይደለም፤ ግን ሚስማር ነው፤
እርጥብ ካፖርት ይሰቀልበታል።
«ተጠረገ?» አለ ሳካሪስ ሲወጣ።
«ስም የለሽ ነጥብ የለም» አልኩት፤ አልዋሸሁም።

የቀረው ሁለተኛው ነው፤ በስህተቴ የተወለደው።
ጎን ለጎን አየኋቸው፦
ያው ዕድሜ፣ ያው ጀልባ፣ ያው ዕዳ።
አንዱን ማጥፋት አለብኝ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ፤
የትኛው እንደ ራሰ አላውቅም።