የዓርብ ወረቀት

ከዌልስ ሸለቆ ጫፍ፣ ከተዘጋው ከሰል ጉድጓድ ራስጌ፣
አንድ አሮጌ ሆስፒታል አለ፤ ቢሮዬ ከደረጃው ግርጌ።
ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዝናብ መስኮት ሲያጥብ፣
እኔ ኔሪስ ቁጭ ብዬ የሳምንት ወሬ ስሰበስብ።
ሁለት ገጽ ነው ግዛቴ፤ ፊትና ጀርባ፤
ከዚያ የተረፈ ነገር የትም አይገባ።

"ቁጥር ሁለት ሊፍት ዛሬም አልተጠገነም፤
መለዋወጫው ታዟል፤ ቀኑ አልተወሰነም።"
ይህችን ዐረፍተ ነገር ከመስከረም ጀምሬ
አትማታለሁ፣ ቀኗን ብቻ ቀይሬ።

"የመኪና ማቆሚያው ሦስተኛ ረድፍ
ሰኞ ቀለም ይቀባል፤ ማንም እንዳይሰለፍ።"
"የጉንፋን ክትባት፣ በዘጠኝ ቁጥር በር፤
እጅጌ ሰብስቡ፤ ዶክተርም አይቅር።"
ከአንድ አዛውንት ምስጋና፤ "ለሳቁት ነርሶች" ይላል፤
ስማቸውን አላወቀም፤ ሁሉም "እኔን ነው" ብሏል።

ከካፌው ብራንዌን፣ በቀይ ቀለም ተሰምሮ፦
"አርባ የሻይ ማንኪያ ጠፋ፣ ከጥር ወዲህ ተቆጥሮ!
ሻይ በምን ይማሰል፣ በቴርሞሜትር ነው?
የወሰደ ይመልስ፤ ስሙን አልጠይቀው።"
አተምኩላት፣ ደገምኩላት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፤
ማንኪያ የመለሰ የለም፤ አንብበው ይሥቃሉ።

አልጋ ገፊው ኢድዋል ፕሮበርት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ወላድም ሬሳም የገፋ፣ በዚያው ኮሪደር፣ ሌሊት፣
ፈረቃው ሳይጀምር መጥቶ ከትከሻዬ በላይ ያነባል፤
"ፊደል ተሳስተሻል" ይላል።
አልተሳሳትኩም፤ ማውራት ይፈልጋል።

ያን ዓርብ ግን ከላይ ቤት አንዲት ብጣሽ መጣች፣
ከሥራ አስኪያጁ፣ በሚዛን ተመዝና የወጣች፦
"አራተኛ ክፍል፣ የእናቶች ማዋለጃ፣
ወደ ከተማ ይዛወራል፣ ለተሻለ ደረጃ።"
ከሥሯ በእርሳስ፦ "አጭር ትሁን፤ ጀርባው ላይ፣
ከመኪና ማቆሚያው በታች፤ ጎልታ እንዳትታይ።"

ይዛወራል። አልጋውስ፣ እሺ፣ በመኪና ይጫን።
መንገዱስ? አርባ ደቂቃ፣ ተራራ ለተራራ፤
በረዶ ሲጥል በሌሊት፣ ምጥ አይጠብቅ ተራ።

እኔም እዚያ ተወለድኩ፤ ከሰል ቆፋሪው አድሞ፣
መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ አባቴ ደጁ ላይ ቆሞ፤
አዋላጇ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ይዛ፤
እናቴ እስካሁን ታወራዋለች፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ዋዛ።

ጻፍኩት፤ ምን ላድርግ? የቤት ዕዳ አለብኝ፤
"ለተሻለ ደረጃ" ላይ ስደርስ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።
ያቺን ቁራጭ ቆረጥኳት፤ "ቦታ አነሰ" ብዬ፤
ይህችው ናት፣ ካላችሁኝ፣ የዕድሜ ልክ ጀብዱዬ።

ሰኞ ጠዋት የጠየቁኝ ስለ ቀለሙ ነበር፤
"ሦስተኛው ረድፍ የቱ ነው? ከግራ ነው የሚቆጠር?"

በወሩ መጨረሻ ኢድዋል ባዶ አልጋ ሲገፋ፣
ከአዋላጆቹ መሳቢያ ተገኘ ያ ሁሉ የጠፋ፦
አርባ የሻይ ማንኪያ፣ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
በየእጀታው ክር ታስሮ፣ በየክሩ ቀን ተንጠልጥሎ።
ወላድ ሁሉ ከምጥ ወጥታ መጀመሪያ ሻይ የጠጣችበት፤
መዘጋቱ ከእኔ በፊት ሸትቷቸው ነው ያስቀሩት።
"ወንድ፣ ሐሙስ ሌሊት።" "መንታ፣ ሁለቱም ሴት።"
አንዷ ላይ ቀን ብቻ አለ፤ ሌላ ቃል አልጻፉበት።

ብራንዌን መጣች ተቆጥታ፣ ሳጥን ይዛ፤ ቆጠረች፤
ያችን አንዷን አነሣች፤
አገላበጠች፤ በቦታዋ መልሳ አስቀመጠች።
"ካፌው ሌላ ይገዛል" ብላ ባዶ ሳጥኗን ይዛ ሄደች።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናብ። ሁለት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ።
ሊፍቱን ወደ ኋላ ገፋሁት። ከፊት፣ ከሁሉ በላይ፦
"የሻይ ማንኪያዎቹ ተገኙ። ቁጥራቸው አርባ።
አይመለሱም።"

ኢድዋል ከኋላዬ ቆሞ አነበበ፤ ዝም አለ፤
"ፊደል ተሳስተሻል" አላለ።