ሁለት ቁልቁለት

ስቱርሊየን ከባቡር ወርደን፣ በሐምሌ፣ በረዶው ሳይለቅ፣
ሦስት ሆነን ጋራውን ወጣን፣ የድንበር ድንጋይ ልናደምቅ።
ካርታ በብብቱ ሸጉጦ ቶርሌይፍ መጣ ከኖርዌይ፣
ዮርዲስ ከስዊድን፣ እርሳሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ሰክታ ከሰማይ።
እኔ? እኔማ ባልዲ ያዥ፤ ቡርሽና ቀለም ተሸካሚ፣
የሁለት መንግሥት ወሰን ቀቢ፣ የሁለት ሰው ክርክር ሰሚ።

ጋራው አንድ ነው።
ረጅም፣ ጎባጣ፣ የተላጠ፣
እንደ ተገለበጠ ታንኳ
ሆዱን ለሰማይ የሰጠ።
ስሙም የታንኳ አጥንት ነው አሉኝ፤
በዚህ ብቻ ተስማሙልኝ።

«የእኛ» አለ ቶርሌይፍ፣ ምዕራቡን በጣቱ እየወጋ፣
«የእኛ ወንዝ ወሬ አያበዛም፤ ሲነሣ ነው የሚዋጋ፤
ከገደል ዘሎ ባሕር ይገባል፣ ገና ሌሊቱ ሳይነጋ።
ባሕሩም ደጅ አይጠናም፤ ተራራ ሰንጥቆ ይገባል፣
በጎች ከሚግጡበት ገደል ሥር ዓሣ ነባሪ ያልፋል።
ሜዳስ የለንም፤ አልክድሽም። ያለን ቁመትና ጥልቀት።
ጠረፋችንን ግን እንደ መቀነት ከየሸለቆው ቢፈቱት፣
ምድር ሁለቴ ታጥቃው እንኳ ጫፉ ይተርፋል ለሚሹት።»

ዮርዲስ ሣቀች። እርሳሷን ከጥርሷ አወጣች።
«እናንተ በር ብቻ ናችሁ፤ ጓዳ የላችሁም» አለች።
«የእኛ ውሃ አይጣደፍም። ከዚችው ጉብታ ይነሣና
ከአንዱ ሐይቅ ያድራል፣ ከሌላው ይከርማል፣ እንደ ደኅና
እንግዳ፣ ሳይጠግብ አይሄድም።
ግንድ ይሸከማል፣ መብራት ያበራል፣ ጥድን ከጥድ ያስተዋውቃል፣
ምሥራቁን ባሕር እስኪያይ ድረስ የገዛ ስሙን ይረሳል።
ባሕሩም ጨው አልበዛበት፤ ወጥ ቢሠሩበት አልጫ፣
መሬቱም ከውሃ ሥር ይነሣል፣ በዓመት ጥፍር ታህል፣ ያለ ሩጫ።
ቅድመ አያቴ ጀልባ ያሰረበት ቀለበት ዛሬ ድንች መካከል ቆሟል፤
እናንተ ባሕር ይገባባችኋል፤ እኛን ግን ባሕር ይለቅልናል።»

እኔ ዝም። ቀለሙ እየደረቀ ነው። ድንጋዩ ግማሹ ሽበት፣
ግማሹ ሙሽራ፤ በወዲህም በወዲያም ያው ሽበት ያለበት።
ደመና ከምዕራብ መጣ፤ ቶርሌይፍ ጀርባ ላይ አራገፈ፣
ዮርዲስ ጋ ሲደርስ ባዶ ስልቻ፤ ጥላውን ብቻ አሳለፈ።
እሱ ኮፍያውን ጨመቀ።
እሷ ኮቷን ከፈተች።
በመካከላቸው አራት እርምጃ።

ከድንጋዩ ሥር በረዶ ነበረች፣ አሮጌ አንሶላ የምታህል፤
ጎንበስ ብዬ አዳመጥኳት፣ ጠብታዋ ለሁለት ሲከፈል፦
አንዱ ወደ ግራ፤ ከነገ ወዲያ ጨው ይሆናል።
አንዱ ወደ ቀኝ፤ መስከረም ላይ ይደርስ ይሆናል።
የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤
«ደኅና ሁን» አልተባባሉም፤ ማን ጊዜ ሰጣቸው?

ማታ ዕቃ ስንሸክፍ፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል፣
«ቤታችሁስ ወዴት ነው?» አልኩ።
ቶርሌይፍ ካርታውን አጠፈ፤ ደግሞ ፈታ፤ ደግሞ አጠፈ።
«ምሥራቅ ነው» አለ በለሆሳስ፣ «ከሐይቁ ዳር።
ቤት እዚያ ይረክሳል።
ጉልበቴንም ቁልቁለት ሰልችቶታል።»
ዮርዲስ ጫማዋን አየች።
«እኔ ከፊዮርዱ አፋፍ ነኝ። ባሌ ዓሣ አጥማጅ ነው።
ሜዳ ላይ ስተኛ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤
ገደል ካልተደገፍኩ እወድቅ ይመስለኛል።»

ተጨባበጡ። ተላለፉ። ቀኑን ሙሉ ያወደሱትን
ትከሻቸውን አሳይተው፣ እያንዳንዳቸው ወረዱ የሌላውን።

እኔ ቀረሁ። ቡርሼን በበረዶዋ ውሃ አጠብኩት።
ክር የመሰለች ነጭ ቀለም ከድንጋዩ ጫፍ ደረሰችና፣
ቆመች፤ እንደ ማመንታት ቃጣት፤ ግራ ቀኟን አየችና፣
ዘንበል አለች።
ወዴት እንደሆነ አልናገርም፤
ነገም አለቆቼ እኒያው ናቸው፣ ነገም ከድንጋይ ሥራ አለና።