ሰባ ሁለት ወንበር

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ጦሳ ጉም ሲደፋ፣
የሆጤን መብራቶች አንድ ባንድ ሲያጠፋ፣
ቁልፍ ይዤ እወጣለሁ፣ ባትሪ በብብቴ፣
ደብተሬ በፌስታል፣ እስክርቢቶ ደረቴ።
ደሞዝ የለው ሥራው፣ ማኅተም የለው፣ ክብር፤
ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፣ መነሻው ሳል ነበር፦
"ፈቃደኛ ማን ነው?" ሲል ሊቀ መንበሩ፣
ሰዎች አቀርቅረው ጫማቸውን ሲቆጥሩ፣
አፌን ልከድን ስል እጄ ከፍ ቢል ጊዜ
"ተገኘ!" ተባለ፤ ቀረሁ ቁልፉን ይዤ።

አዳራሽ ነው ስሙ። ምሥራቁ ብሎኬት፣
ምዕራቡ ጭቃ ነው፣ "ገንዘብ ሲገኝ" ያልንለት።
ቆርቆሮው አርጅቶ ወንፊት የሆነ ለት
ክረምት ሰተት አለ ያለ አባልነት፣
መዋጮ ሳይከፍል፣ ስሙን ሳያስጽፍ፣
ከፊት ተቀመጠ ጳጉሜን እስክታልፍ።

ጦይባ ትጠርጋለች። ማንም አላዘዛት።
መጥረጊያው የሷ ነው፣ ባልዲዋም የሷው ናት።
ጫማዋን ደጅ ትታ፣ የኔን ቦት እያየች፣
"ሰው ያለቀሰበት በጫማ አይረገጥም" አለች።

ሙሄ ለአምፖሉ ነው። መሰላላችን አጭር፤
ሁለት ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ ወንበር፣
እኛ እግሩን ጨብጠን፣ እሱ አምፖሉን ሲረግም፣
እስኪበራ ድረስ ከዚያ ላይ አይወርድም።

እታገኝ ቅዳሜ ለስምንተኛ ክፍል
ሰሌዳዋን ሰቅላ በቃሬዛው በኩል፣
"ሲሶና ሩብ ስንት ነው?" ትላለች ልጆቹን፤
ቃሬዛው ያውቀዋል፣ አይናገርም መልሱን።

ሳህኑ ሁለት ቀለም፦ አረንጓዴው የእስላም፣
ሰማያዊው የክርስቲያን፤ ተቀላቅሎም አያውቅም።
ወንበሩ ግን ቀይ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤
"መቀመጫ አይጾምም" — ይመር ነው ያላት።

አንድ ቀን፣ በአደም ልጅ በሠርጓ ዋዜማ፣
የሙላቷን ሞት የሚለፍፍ ጡሩንባ ተሰማ።
አደም ራሱ መጣ፦ "ሙሽራ ይቆያል፣
ሬሳ ግን አይቆይም፤ ለኛ ደጅ ይበቃል።"

የኔ ሥራ መቁጠር። ሰባ ሁለት ወንበር።
ባለፈው ሐሙስ ግን ሰባ አንድ ነበር።
ደገምኩት፤ ሰባ አንድ። ፈለግኩ ከቃሬዛው ኋላ፣
ከድንኳኑ ጥቅል ሥር፣ ከዕቃ ቤት፣ ከሌላም ሌላ።
ሙሄን ጠረጠርኩት፤ ኳስ ያሳየን ማታ
ለቆርቆሮ መግዣ ሲሸጥ መቀመጫ ቦታ።
ቁልፍ መያዝ ክፉ ነው፤ ሰውን ሁሉ ሌባ ያስመስላል።

ቁልቁል ስወርድ አገኘሁት።
ሃያ እርምጃ አይሞላም።
ቀይ ወንበር፣ ከይመር አራጌ ደጃፍ፣
ይመርም በላዩ፣ ግራ ጎኑ የሰለለ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ አዳራሹ አዙሮ።
የመሠረቱን ድንጋይ ከቦርከና በትከሻው ያመላለሰ ሰው።
ስድስት ስብሰባ ቀረ ብዬ
አምስት አምስት ብር፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ የቀጣሁት፤
"ታሟል እኮ" ሲሉኝ
"ደብዳቤ ያምጣ" ያልኩበት።

"ጦይባ ናት ያመጣችልኝ" አለ። "በሩ ክፍት ሲሆን ሁሉም ይሰማኛል።
ደሞ ያ የቆርቆሮ ነገር፣ ተሳስታችኋል፤
ባለ ሠላሳ ሁለት ጌጅ ለዚህ አገር በረዶ አይሆንም፣
ሃያ ስምንት ግዙ።
እጄን አውጥቼ ነበር፤ ማን አየኝ።"

ተመለስኩ። ደብተሩን ገለጥኩ።
ቅጣቱን ሰረዝኩ፣ ሊቀ መንበሩን ሳልጠይቅ።
ሰባ አንድ፣ ውስጥ። አንድ፣ ውጭ።
ይመር አራጌ፦ ተገኝቷል።

በሚቀጥለው ስብሰባ
በሩን ወለል አድርጌ በድንጋይ አስደገፍኩት።
"ኧረ ብርዱ!" አሉ ሁሉም።
"ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ" ሲባል
ወደ ውጭ አየሁ።