ባሕር ያልተሻገረ ባሕር ዛፍ

ስሙ ባሕር ዛፍ ነው፤ ይኸኛው ግን ባሕር አልተሻገረም፣
ከቪክቶሪያ አፈር በቀር በሌላ አፈር አልኖረም።
ልጡ እንደ አሮጌ ቀሚስ ተተርትሮ፣ ተንዘልዝሎ፣
ይንሿሿል በነፋሱ፣ እሳትን በስም ጠርቶ፣ አባብሎ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤
ኬልቪንን ግን የነደፈው ልጡ ራሱ ነው፤ ያውቀዋል።
በዚያ የጥር ሌሊት እየነደደ በርሮ ከጣሪያው አረፈ፣
ቤቱን ጨርሶ፣ ጀልባውን ልሶ፣ ወደ ወንዙ አለፈ።
የሚስቱ ፒያኖ ሲነድ ከውጭ ቆሜ ሰማሁት፤
አውታሩ አንድ ባንድ ሲበጠስ፣ ይቅር በሉኝ፣ አዳመጥሁት።

«ይጠረግ» ይላል በየስብሰባው፣ «ከመንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ፤
ዛፍ መልሶ ይተከላል፤ ሰው ግን ተተክሎ አይመለስ!»

ብሮንዊን ከጥግ ተነሳች፤ ጫማዋ ጭቃ ለብሷል።
«ዛፍስ ይተከላል» አለች፣ «የግንድ ዋሻ ማን ይተክላል?
ባዶ ለመሆን እኮ ዛፍ መቶ ዓመት ይፈጅበታል።»

ማታ ማታ በቀይ ባትሪ ጫካ ገብታ ዓይን ትቆጥራለች፤
ክንፍ ሳይኖራት ከግንድ ግንድ የምትንሳፈፍ እንስሳ አለች፣
ከዚህ ቅጠል ሌላ የማትቀምስ፣ ጅራቷ ከቁመቷ የሚረዝም።
ድሮ አርባ አንድ ነበሩ። አሁን ስድስት። ሌላ የለም።

እኔ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ነኝ፤ እሳት ለኳሽም፤
የያዝሁት ጣሳ ነበልባል ያንጠባጥባል፤ ማንንም አይመርጥም።

ሚያዝያ መጣ። ጤዛው ከባድ፣ ነፋሱ የተኛ ጧት።

ኬልቪን ሳይጠራ መጣ፣ የብረት መጥረጊያ ተሸክሞ፣
ብሮንዊን በኖራ ከቀባችው ከትልቁ ግንድ ሥር ቆሞ፣
ልጡን፣ ቅጠሉን፣ ጭራሮውን እስከ አፈሩ ጠረገው ዙሪያውን።
«ይጠረግ አላልሁም?» አለ፣ ቀና ሳያደርግ ዓይኑን።

እሳቱ ዝቅ ብሎ ሄደ፣ እንደሚያነብ ሰው፣ በቀስታ፣
ከጉልበት ሳያልፍ፣ ጥንዚዛ እየቀደመው፣ እስከ ማታ።
ሁሉን አላዳንም። ከወንዙ ጥግ አንድ ሽማግሌ ግንድ
ከውስጡ ተያይዞ አደረ፣ እንደ ጭስ ማውጫ ሲነድ።

እሳት አመድ ወለደ ይባላል፣ ልጅን ለመንቀፍ፤
በሦስተኛው ሳምንት ከአመዱ ሣር ብቅ አለ፣ እንደ መርፌ ጫፍ።

ያን ማታ ባትሪውን ኬልቪን ያዘ። ብሮንዊን ቆጠረች፤ አምስት።
ደግማ ቆጠረች።
አምስት።

«ስድስተኛዋ» አለ ኬልቪን፣ ድምፁ እንደ ልጥ ሻክሮ፣
«ዓይኗን ጨፍና ይሆናል» — መብራቱን ወደ መሬት አዙሮ።