ሰባ ሁለተኛዋ ሽቦ

ገዴራ፣ ብርቱካን ይታሸግበት የነበረው መጋዘን ሲፈርስ፣
የቆፋሪው ጥርስ ከመሠረቱ ሥር ሲደርስ፣
አንድ የሽቦ ቸርኬ ወጣ፤ ጭቃ የጎረሰ፣
ካላማዳሪው እንደ ሬሳ ቆዳ የበሰበሰ።
ናኢም በፒክአፑ ጭኖ ጋራዥ አመጣልኝ፤
«የምን መኪና እንደሆነ እስከ ሐሙስ ንገረኝ።»

እኔ የማውቀው የዛሬውን፣
ኮምፒውተር ሲሰኩበት ሕመሙን የሚያወራውን።
ይኼ ግን ዝም።

በካሊፐር ለካሁ፤ የሞዞው ቀዳዳ አምሳ ሁለት ሚሊ፣
ዙሪያውን ጥርስ። ብሎን የሚገባበት የለውም፤
በአንድ ባለ ጆሮ ዳዶ፣ በመዶሻ ተመትቶ የሚጠብቅ ነው።
ሽቦዎቹን ቆጠርሁ፤ ሁለቴ ተምታታብኝ፤
በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ፣ ሰባ ሁለት።
ከሞዞው ከንፈር ላይ ዝገቱን በናፍጣ ባሸው፣
አንድ ፊደል ቀረኝ፤ እንዲህ ሲያዩት ደብልዩ ነው፣
ቸርኬውን ሲያዞሩት ኤም።

ሃይፋ ላለ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ፎቶውን ላክሁ።
«እንግሊዝ» አለ ጠዋት። ከሰዓት «ጣልያንም አይጠፋውም»።
የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ፣ «ወባ ሊያክም የሚመጣው የዶክተሩ ነው፤
እናቴ ጡሩምባውን ታውቀው ነበር» አለች።
ጡረተኛው ጌርሾን፣ «ሰክሮ የተገለበጠ ሻለቃ» አለ፤
የተገለበጠበትን ቦይ ሳይቀር አሳየኝ፤ ቦዩ አሁን አስፋልት ነው።
ሁሉም በአንድ ቸርኬ ላይ የየራሱን መኪና ገጠመ።

ረቡዕ ማታ አባቴ መጣ፣ ከዓይን ሐኪም ሲመለስ፣
በጠብታው ዓለም ደብዝዞበት፣ ግድግዳ ሲዳብስ።
ባያብል ነው ስሙ። መንጃ ፈቃድ ኖሮት አያውቅም።
ጃንፈንከራ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር፤
ማረሻውን ቀን የገዙት፣ ማታ ዓይኑን የፈሩት።
አገር የገባን ሰሞን፣ ፎርም የምትሞላዋ ልጅ
«ሙያ?» ብላ ጠየቀች።
አስተርጓሚው «ብረት ይሠራል» አላት።
ትንሽ አሰበችና «ያለ ሙያ» ብላ ጻፈች።

የፕላስቲክ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ፤ ቸርኬውን ጭኑ ላይ አስተኛ፤
በጥፍሩ አንድ ባንድ መታ፤
ትን። ትን። ትን። ትን።
እኔ ሂሳብ እየጻፍሁ፣ አልሰማሁትም ነበር፣
አንዷ ዝቅ እስክትል። ድን።

«ይቺ ከእኅቶቿ ጋር አልተወለደችም» አለ፤
«ሰው ነው የሠራት።»
ጣቱን አስሄደባት፣ ተመለሰባት።
«ከሰል አጥሮታል፤ ሳትግል ነው የመታት።
ጠባሳው ወደዚህ ያጋድላል፤ ግራኝ ነው።
ቸኩሏል። የቸኮለ ሰው ቆሞ እየጠበቀው ነበር።
ጫፏ ላይ ሲደርስ ግን፣ ይኸው ዳብሰው፣ አልቸኮለም።»

«ማን ይሆን?» አልሁት።
«ስሙን ከየት ላምጣው? ብቻ ሥራ ያውቃል።»
«መኪናውስ?»
«መኪና የሄደ ነገር ነው» አለ አባቴ፣ «ተወው።»

ሐሙስ ናኢም ሲመጣ የግራኙን ነገር አጫወትሁት።
ጢሙን አሸት አሸት አድርጎ
«ግራኝ ስንት ያወጣል?» አለ።
ቴል አቪቭ ያለ ምግብ ቤት አምፖል ሊሰቅልበት ይፈልጋል፤
ነጥቶ፣ አብረቅርቆ፣ ከሶፋው በላይ ሊንጠለጠል።
ካርቶን ቆርጬ አሰርሁበት፤
ሥሪት፦ አልታወቀም። ዘመን፦ አልታወቀም።
ሽቦ፦ ሰባ አንድ
ሲደመር አንድ።

ማታ ስልክ ተደወለ።
«ሸጣችሁት?»
«ገና ነው፤ ነገ በአሸዋ ይታጠባል።»
«ስታጥቡት» አለ፣ «የመዶሻውን ምልክት እንዳታጠፉበት።»
«እሺ።»
ዝም አለ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከኋላው ይሰማኛል።
«ዓይኔ ዛሬ ጥሩ ነው» አለኝ።
«ሳይታጠብ ጠዋት መጥቼ ልየው።»